ለአጎቴ የኩባ ሲጋር ላስይዘው?

ጥያቄ፦ አጎቴ ከአሜሪካ ደሴ መጥቷል። ሲመለስ እንዲይዘው አንድ ሳጥን የኩባ ሲጋር ገዛሁለት። ችግር አለው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክህ አታስይዘው። አሜሪካ በኩባ ላይ ሙሉ የንግድ ማዕቀብ የጣለችው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። በመሃል ላላ ብሎ ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. መስከረም 2020 ወዲህ ግን መንገደኛ ለስጦታም ቢሆን ይዞ መግባት አይችልም። ኤርፖርት ላይ ይወረሳል፣ ቅጣትም ሊከተል ይችላል። እኛ አገር ማዕቀቡ የለም።

ጉጉትህ ይገባኛል። ኮምቦልቻ አንድ ወዳጄ ቤት ኮሂባ የተባለው የኩባ ሲጋር ሳጥን ሲከፈት፣ የእንጨቱና የቅጠሉ ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ክዳኑ ግን መስታወት ነበር። እውነተኛ ኮሂባ በመስታወት ክዳን አይመጣም፤ ፎርጅድ ነው! ወዳጄ ክው አለ። የአንተንም ሳጥን ዛሬውኑ እየው።