አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ቮ ለ ቪኮምት ሂዱ

ሰሞኑን በቤት ውስጥ ዲዛይን የተመረቀች አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ለሥልጠና ፓሪስ ልትሄድ ነው። «ጋሼ፣ ነፃ የምሆነው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የቬርሳይን ቤተ መንግሥት ልይ?» አለችኝ። ቬርሳይ ይቆይሽ፣ ቮ ለ ቪኮምት ሂጂ አልኳት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ሆዴ ሲባባ ዋለ። ለእሷም፣ በሙያው ላላችሁ ልጆች ሁሉም የምጽፈው ለዚህ ነው።

ቮ ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ሻቶ፣ ማለትም የመኳንንት ቤተ መንግሥት ነው። ያሠራው የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ የገንዘብ ሹም ኒኮላ ፉኬ ነው። ሕንፃውን ሉዊ ለ ቮ፣ ሥዕልና ጌጡን ሻርል ለ ብረን፣ አትክልቱን አንድሬ ለ ኖትር ሠሩለት። በኦገስት 1661 እ.ኤ.አ. ፉኬ ንጉሡን ጠርቶ ታላቅ ድግስ ደገሰ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ንጉሡ አሳሰረው፤ እዚያው እስር ላይ እንዳለ በ1680 ሞተ። ንጉሡ የግድግዳ ምንጣፉን፣ ሐውልቱን፣ የብርቱካን ዛፎቹን ሳይቀር አስወሰደ። ሦስቱን ባለሙያዎችም ለቬርሳይ ሥራ አዋላቸው። ለ ብረን ለሞላላው አዳራሽ ጉልላት ያሰበው ሥዕል ሳይሳል ቀረ።

እኔ የሄድኩት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በአውቶቡስ ነው። አንድ ጠረጴዛ አየሁና እግሬ ተያዘ። ላዩ በናስና በኤሊ ቅርፊት የተለበጠ ነው። ሁለቱን ስስ ንጣፎች ደርበው በአንድ መጋዝ ይቆርጧቸዋል። ከናሱ የወጣው ቅርጽ በቅርፊቱ ክፍተት ልክ ይገባል፤ መጋጠሚያው ላይ ጥፍር አይገባም። ጎንበስ ብዬ ጠርዙን ሳይ አንድ ሽማግሌ ጠባቂ መጣ። ይቆጣኛል ስል «አናጢ ነህ?» አለኝ። በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ አዎ አልኩት።

ፊቱ በራ። ናሱ ትንሽ ብድግ ያለበትን ቦታ በጣቱ አሳየኝ። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ናሱ ግን አይኮማተርም፤ ስለዚህ ይላቀቃል። ቀጠለና የማየው ዕቃ አብዛኛው ከፉኬ የተረፈ እንዳልሆነ ነገረኝ። አልፍሬድ ሶምዬ የሚባል ባለሀብት በ1875 ሲገዛው ቤቱ ባዶ ነበር። ጠግኖ ዕቃውን ከየቦታው እየገዛ ሞላው። «ና፣ የጣሪያውን እንጨት አጋጣጠም ላሳይህ» ብሎ ሊወስደኝ ሲል አስተባባሪያችን ከበሩ ተጣራ። አውቶቡሱ ሊነሳ ነው። ሄድኩ።

አዲስ አበባ ስመለስ ሙያውን ያስተማረኝን ሽማግሌ ልጠይቅ ሄድኩ። ሱቁ ሁልጊዜ የሚፈላ ሙጫ ይሸት ነበር፤ ልብሴ ሳይቀር ይሸት ስለነበር እናቴ ከደጅ ታስወልቀኝ ነበር። የጠረጴዛውን ነገር ስነግረው ዓይኑ ፈጠጠ። «ናሱ በምን ተያዘ? በሙጫ ብቻ ነው ወይስ ምስማር አለው? ከሥሩስ ምን እንጨት ነው?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። በሌላ ጊዜ አጣርቼ እነግርሃለሁ አልኩት። ያ ጊዜ ሳይመጣ አረፈ። እስካሁን ይቆጨኛል።

የዛሬ ልጆች ስልካችሁን ከፍ አድርጋችሁ፣ ጀርባችሁን ለቤተ መንግሥቱ አልጋ ሰጥታችሁ፣ ቀጭ አድርጋችሁ ታልፋላችሁ። ያናድደኛል። ፎቶ ይቅርባችሁ፣ በዓይናችሁ እዩ። ግን ደግሞ የዚያ ጠረጴዛ አንድ ፎቶ ቢኖረኝ ስንቱን በሰጠሁ! እሺ፣ አንሱ፤ መጋጠሚያውን፣ ማጠፊያውን፣ የመሳቢያውን ጠርዝ አንሱ። የራሳችሁን ፊት ቤታችሁም ታገኙታላችሁ።

ማንኛውም ሻቶ ውስጥ ስትገቡ የቱ ዕቃ ከጥንቱ የነበረ፣ የቱ በኋላ የመጣ፣ የቱ እንደገና የተሠራ እንደሆነ ጠይቁ። የቬርሳይ ዕቃ ራሱ በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ በጨረታ ተሽጧል፤ አሁን ያለው ስንት ዘመን ተለቅሞ የተመለሰ ነው። ጠባቂዎቹን አትፍሩ። ቀኑን ሙሉ ከዕቃው ጋር የሚውሉት እነሱ ናቸው፣ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

ፓሪስ ውስጥ ካለው «ጋር ደ ሊዮን» ባቡር ጣቢያ እስከ መለን ከተማ በባቡር፣ ከዚያ በታክሲ ትሄዳላችሁ። በፈረንሳይ የብርድ ወራት የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ቀድማችሁ አጣሩ። ላይኛውን ፎቅ ስትጨርሱም ወደ ምድር ቤቱ ውረዱ፤ የመዳብ ድስቶቹ የተደረደሩበት ወጥ ቤት እዚያ ነው።