ቃል የሌለው ፈተና ባህልም የለውም? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው አሜሪካ ነው። የሰባት ዓመት ልጄን ትምህርት ቤቱ «ቋንቋ አይጠይቅም» ብሎ የማሰብ ችሎታውን በሥዕል ፈተነው። ቤት የምናወራው አማርኛ ስለሆነ ደስ አለኝ። ግን እውነት ለሁሉም እኩል ነው?

መልስ፦ ደስ ቢልዎት አይፈረድብዎትም። እንግሊዝኛ ገና የሚለምድን ልጅ በእንግሊዝኛ ቃላት መመዘን የቋንቋ ፈተና ነው፤ ከዚያ ይሄ ይሻላል። እኩል ነው ግን አልልም። ወረቀት ላይ ያለ ቅርጽ ማንበብ፣ ከምርጫ መልስ ማውጣት፣ ከሰዓት ጋር መሽቀዳደም ትምህርት ቤት የሚያስለምዳቸው ነገሮች ናቸው።

ጥያቄ፦ ፈተናው ምን ይመስላል?

መልስ፦ ከሁሉ ስመ ጥሩው፣ እንግሊዛዊው ጆን ሬቨን እ.ኤ.አ. በ1938 ያሳተመው «ማትሪክስ» የሚባለው የሥዕል ፈተና ነው፤ 60 ጥያቄ አለው። ዓይነቱ እንዲህ ነው፦ ላይኛው ረድፍ ክብ፣ መካከለኛው ካሬ፣ ታችኛው ሦስት ማዕዘን። ወደ ጎን ሲሄዱ ደግሞ በውስጣቸው ያለው ነጥብ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይጨምራል። የመጨረሻው ቦታ ባዶ ነው። ሁለቱን ሕግ ባንዴ የያዘ፣ ሦስት ነጥብ ያለበትን ሦስት ማዕዘን ይመርጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሥዕል ደግሞ ምን ባህል አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! እ.ኤ.አ. በ1917 የአሜሪካ ጦር ማንበብ ለማይችሉና እንግሊዝኛ ለማያውቁ ምልምሎች «ቤታ» የሚባል ፈተና አወጣ። «የጎደለውን ሙላ» ከሚሉት ሥዕሎች አንዱ መረብ የሌለው የቴኒስ ሜዳ ነበር። ቴኒስ አይቶ የማያውቅ ገበሬ ምን ይሙላ? እኔም ምጣድ ያለ አክንባሎ ስዬ ብጠይቅ እናቴ ወዲያው ትመልሳለች፤ ፈተናውን ያወጡት ፕሮፌሰሮች ይወድቃሉ።

በዕቃም ቢሆን ያው ነው። ላይቤሪያ ውስጥ ክፔሌ ለሚባለው ሕዝብ ሰዎች ምግብና መሣሪያ ቀላቅለው ሰጥተው «አብረው የሚሄዱትን አንድ ላይ አድርጉ» ሲሏቸው ቢላዋውን ከብርቱካኑ ጋር አደረጉ፤ ይቆርጠዋላ። ብልህ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው አሉ። ተመራማሪው ቢቸግረው «ሞኝ ቢሆንስ እንዴት ይመድበው ነበር?» አለ። ያኔ ምግቡን ከምግብ፣ መሣሪያውን ከመሣሪያ ለይተው አስቀመጡለት፤ ሲፈልገው የነበረውን ማለት ነው። እኔ ይቺን ታሪክ ሳነሳ ሁሌ ያስቀኛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ «ሐበሻ ዝቅ ያለ ውጤት አመጣ» የሚሉትስ?

መልስ፦ እስራኤል የገቡ የቤተ እስራኤል ልጆች መጀመሪያ በሬቨን ሲፈተኑ ውጤታቸው ዝቅ ብሎ ነበር። እዚያው አገር ግን ርዑቬን ፎየርሽታይን የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ ሌላ መንገድ ከፍቶ ነበር፦ ፈትን፣ አሠራሩን አሳይ፣ እንደገና ፈትን። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት አንደኛ ክፍል ያሉ የኛ ልጆች በዚህ መንገድ ሲታዩ ከአገሬው ልጆች ጋር የነበራቸው ልዩነት በጣም ጠበበ። ለኔ ዋናው ቁጥር ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው የሚነግረኝ ልጁ ከየት እንደመጣ ነው።

ጥያቄ፦ የውጤቱ ልዩነት በዘር የሚመጣ ነው የሚሉም አሉ።

መልስ፦ የኔዘርላንድ ወጣት ምልምሎች እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1982 በዚሁ ዓይነት ፈተና ወደ 20 የአይ.ኪው. (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ነጥብ ገደማ ጨመሩ። በ30 ዓመት ደማቸው ተለወጠ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የመጀመሪያዋ ጠያቂ ነኝ። ልጄን ላለማምደው?

መልስ፦ ሁለት ሦስት ናሙና አብራችሁ ሥሩ፣ ይበቃል። መጽሐፍ እየገዙ አያስጨንቁት። ይልቅ ፈታኟን ይጠይቁልኝ፦ ከመጀመሩ በፊት ልምምድ ሰጥታው ነበር?