«ንጹህ ነው» የተባለ ያገለገለ ስልክ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ያገለገለ አይፎን ልገዛ ነው። ሻጩ የአይኤምኢአይ ቁጥሩን (የእያንዳንዱን ስልክ መለያ ቁጥር) በቴሌግራም ላከልኝ፤ ኢንተርኔት ላይ ሳየው ንጹህ ነው፣ ማለትም ተሰረቀ ተብሎ አልተመዘገበም ይላል። ይበቃል? (አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አይበቃም። የላከልዎት ቁጥር የዚያው ስልክ መሆኑን ገና አላዩም፤ የተሰረቀ ስልክ ይዞ የሌላ ንጹህ ስልክ ቁጥር መላክ ቀላል ነው። ስልኩን እጅዎ ላይ አድርገው *#06# ይጻፉ፤ 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ይመጣል። ሁለት ሲም የሚቀበል ከሆነ ሁለት ቁጥር ያሳያል፤ ሁለቱንም ይፈትሹ። ከዚያ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ውስጥ ገብተው ያስተያዩ። ካርቶኑ ላይ ያለው ብቻ ከተለየ ካርቶኑ የሌላ ስልክ ሊሆን ይችላል። *#06# እና አባውት ከተለያዩ ግን ቁጥሩ ተነክቷልና ትተውት ይሂዱ።

ቁጥሩ የተፈጠረ ወይም በስህተት የተጻፈ መሆኑን በወረቀት ማወቅ ይቻላል። ከ14ቱ የመጀመሪያ አሃዞች ውስጥ ከግራ 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን እያሉ እስከ 14ኛው እጥፍ ያድርጓቸው። እጥፉ ከ9 ከበለጠ ሁለቱን አሃዞች ይደምሩ፤ 18 ከሆነ 1 እና 8፣ 9 ይሆናል። ከዚያ ሁሉንም ይደምሩ። በ49015420323751 ብንሠራው ድምሩ 52 ነው፤ ቀጥሎ ያለውን የአስር ብዜት፣ 60ን፣ ለመሙላት 8 ይቀራል፤ ስለዚህ 15ኛው አሃዝ 8 መሆን አለበት። ይህ ስለ ስርቆት አይነግርዎትም፣ የውሸት ቁጥርን ግን አብዛኛውን ጊዜ ያጋልጣል።

አሜሪካ ውስጥ ለስርቆቱ ጥያቄ የሚሆነው ስቶለን ፎን ቼከር ዶት ኦርግ የተባለው ድረ ገጽ ነው። የሞባይል ኩባንያዎች ማኅበር ሲቲአይኤ ያቋቋመው ሲሆን በነጻ በቀን እስከ 5 ቁጥር ያያል። የሚያወጣው የስልክ ሞዴል እጅዎ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ የመጀመሪያዎቹ 8 አሃዞች የሞዴሉ መለያ ናቸው።

አሁን ደግሞ «ንጹህ» የሚለው ውጤት የማይነካቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው የአይክላውድ እስራት ነው፤ ስልኩን ከባለቤቱ የአፕል አካውንት ጋር የሚያስር መቆለፊያ ማለት ነው። ሻጩ እፊትዎ ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ከሴቲንግ ይደምስሰው፤ የአፕል ፓስወርዱን ካላወቀ መልሱን አገኙ። ሲነሳ ከዋይፋይ አገናኝተው እስከ ዋናው ስክሪን ድረስ ያስኪዱት፤ እስራቱ የሚታየው ከኢንተርኔት ከተገናኘ በኋላ ነውና «ሄሎ» በሚለው መነሻ ስክሪን ላይ ሳሉ ገንዘብ አይክፈሉ። አንድሮይድ ከሆነ ሻጩ ከመደምሰሱ በፊት የጉግል አካውንቱን ከሴቲንግ ያውጣ፤ ከሴቲንግ ሳይሆን በጎን ቁልፎች ብቻ የተደመሰሰ ስልክ የድሮውን አካውንት መልሶ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ስልኩን ከአንድ የሞባይል ኩባንያ ሲም ጋር ብቻ እንዲሠራ የሚያደርገው የኩባንያ መቆለፊያ ነው። አባውት ውስጥ «ኬሪየር ሎክ» በሚለው ፊት «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካላለ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም አይቀበልም። ከዚህ ጋር አንድ ነገር፦ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ከአይፎን 14 ጀምሮ ያሉት የሲም ማስገቢያ የላቸውም፣ በኢሲም (ስልኩ ውስጥ በተሠራ፣ ካርድ በማይፈልግ ሲም) ብቻ ይሠራሉ። እህትዎ ይህን መቀበል አለመቀበሏን ሳይጠይቁ አይግዙ።

በመጨረሻም ዕዳ። በየወሩ በሚከፈል ዕዳ የተወሰደ ስልክ ዛሬ ንጹህ ሆኖ ሻጩ ክፍያውን ሲያቆም ከሳምንታት በኋላ ሊታገድ ይችላል። የሻጩን ደረሰኝ ይጠይቁ፤ ከተቻለ ሽያጩን የሻጩ ኩባንያ ሱቅ ውስጥ አድርጉትና ዕዳው ማለቁን እዚያው ያስረግጡ።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ የገዛሁት ስልክ እዚያ ያለ ችግር ሲሠራ ቆይቶ ዋሽንግተን ስደርስ ኔትወርክ እምቢ አለኝ። ሌባ ነው የሸጠልኝ?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፣ ግን ሻጩን ከመወንጀልዎ በፊት ይለዩ። እገዳው ስልኩ ውስጥ አይደለም ያለው። ስልኩ ኔትወርክ ሊገባ ሲል ቁጥሩን ይናገራል፣ ኩባንያው በታገዱ ስልኮች ዝርዝር ውስጥ መኖር አለመኖሩን ያያል። በእገዳ የተያዘ ስልክ ዋይፋዩና ካሜራው ይሠራሉ፣ ጥሪና ዳታ ግን የለውም። የአንዱ አገር ዝርዝር በሌላው አገር ላይታይ ስለሚችል አንድ ቦታ የታገደ ስልክ ሌላ ቦታ ያለ ችግር ሊሠራ ይችላል።

ሌላው ሰበብ የአሜሪካ ኔትወርኮች ጠባይ ነው። ኤቲ ኤንድ ቲ በፌብሩዋሪ 2022 (እ.ኤ.አ.) 3ጂን ዘግቷል፤ በ4ጂ ላይ ድምፅ ማስተላለፍ ካልቻለ ወይም ሞዴሉ ካልተፈቀደ ስልኩ ሳይሰረቅም ይከለከላል። ቁጥሩን በመፈተሻው ይዩት፣ ኩባንያውንም ምክንያቱን ይጠይቁት። በስርቆት የታገደ ከሆነ እገዳውን የሚያነሳው ሪፖርቱን የመዘገበው ኩባንያ ነው፤ የሚጠይቀውም ሪፖርት ያደረገው ሰው ነው። እርስዎ የሚያነሱበት መንገድ የለም።

ጥያቄ፦ የታገደብኝን ስልክ ጠጋኝ የአይኤምኢአይ ቁጥሩን ቀይሬ እከፍትልሃለሁ አለኝ። ላስደርገው?

መልስ፦ በጭራሽ። አዲስ የሚጻፍልህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሰው ስልክ አይኤምኢአይ ነው፤ እሱ ሲሰረቅና ሲያመለክት ያንተም ይዘጋል። በብሪታንያ ይህን ሥራ የ2002 (እ.ኤ.አ.) ሕግ በእስከ 5 ዓመት እስራት ይቀጣዋል። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛትም በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል፤ ስለዚህ ከሰው እጅ ስትገዛ የሻጩን መታወቂያ ኮፒ፣ የስልኩን የአይኤምኢአይ ቁጥሮችና ቀኑን የያዘ የተፈረመ ወረቀት ያዝ።