«አርበኛ» እና «አገር ወዳድ» አንድ ናቸው?

አይደሉም። አገሩን የሚወድ ሁሉ አገር ወዳድ ነው። አርበኛ የሚባለው ግን አገሩ ስትወረር ጠላትን የታገለ ሰው ነው። ለምሳሌ ስለ አጎትህ ስትጽፍ፣ አገሩን የሚወድ መምህር ከሆነ «አገር ወዳድ» ብለህ ጻፍ። ስሜቱን ለመጥራት ደግሞ «የአገር ፍቅር» ወይም «አገር ወዳድነት» ይበቃሃል።

«አርበኛ» ሲባል ብዙው አንባቢ ዓይን ላይ የሚመጣው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣልያንን በዱር በገደሉ የተፋለመው ሰው ነው። ሚያዝያ 27 የሚከበረውም የእነሱ ድል ነው። ጠመንጃ መያዝ ግን ግዴታ አልነበረም። ከተማ ውስጥ፣ ጠላት አፍንጫ ሥር ተቀምጠው መረጃና ስንቅ የሚያሾልኩ ነበሩ፤ «የውስጥ አርበኛ» ይባላሉ። (ይቺን አጠራር በጣም ነው የምወዳት።) ተቃራኒው ባንዳ ነው።

ዛሬ «አርበኝነት» በደፈናው ለአገር ፍቅር ሲውል ታያለህ፤ በተለይ ከሌላ ቋንቋ በተተረጎሙ ጽሑፎች። ስህተት ነው አልልም። የጦር ሜዳ ሽታው ግን አይለቅም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ ቃሉን ለማሳመሪያ አትጠቀምበት። እኔ አንዴ ለጎረቤታችን ቀብር የሕይወት ታሪክ ስጽፍ «ታላቅ አርበኛ ነበሩ» ብዬ አስገባሁ። ሰውየው የተወለዱት ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው። ከቀብሩ መልስ አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ የት ነው የዘመቱት?» አሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ።