ስለ ጋውን፣ ስክራብና ጓንት ጠይቁ፦ የኦአር ሲስተር ትመልሳለች

ሲስተር ኦአር፦ ሰላም ቤተሰብ። ብዙ ዘመን ኦአር (የቀዶ ሕክምና ክፍል) ውስጥ ስክራብ ነርስ ሆኜ፣ ማለትም ለቀዶ ሐኪሙ መሣሪያ እያቀበልኩ ሠርቻለሁ፣ አሁን ኢንፌክሽን መከላከል ላይ ነኝ። ስለ ሥራ ልብሳችን የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ስለ ደሞዝ፣ ስለ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ፈተና) እና ስለ ዝውውር ግን እኔ ጋ አትምጡ። ገና ሳንጀምር አንድ ነገር ልበል፦ ጋውን ለብሳችሁ ታክሲ አትግቡ።

ኢንተርኑ፦ ሲስተር እንዴት አመሹ? ጋውን በስንት ቀን ነው የሚታጠበው? እኔ ሰኞ የለበስኩትን እስከ ሐሙስ እገፋበታለሁ፣ ብዙም አይቆሽሽም።

ሲስተር ኦአር፦ አይቆሽሽም? እስቲ አሁን አውልቀውና የእጅጌውን ጫፍ ገልብጠህ እየው። ቀጭን ግራጫ መስመር ታገኛለህ። ከአልጋ ብረት፣ ከፋሻ፣ ከቻርት ሽፋንና ከሻይ ቤት ጠረጴዛ የለቀመው ነው። ቀጥለህ ኪሱን ገልብጥ፦ ስልክ፣ ፕላስተር፣ የክንድ ማሰሪያ ጎማ፣ ከትናንት የተረፈ ጓንት። ራውንድ (ታካሚዎችን እየዞሩ ማየት) ላይ ለማዳመጥ ስታጎነብስ ከእጅህ ቀድሞ አንሶላውን የሚነካው እጅጌህ ነው። ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው ስትሻገር እጅህን በአልኮል ታሻለህ፤ እጅጌህ ግን እንዳለ ይሻገራል።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2007 ታካሚ የሚነካ ሁሉ ከክርኑ በታች ባዶ ይሁን ያሉት ለዚህ ነው። ረጅም እጅጌ ያለው ነጭ ጋውንና የእጅ ሰዓት ከዋርድ ወጡ። ይህ ብቻውን ኢንፌክሽን ቀነሰ ብዬ አልምልም፣ ማስረጃው ያን ያህል ጠንካራ አይደለም። ነገር ግን እጅጌ ካልተሰበሰበ አንጓ አይታጠብም፤ ለዚህ ደግሞ ጥናት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት ስታፊሎኮከስና ኢንቴሮኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎችን የሆስፒታል ጨርቅና ፕላስቲክ ላይ አድርጎ ሲከታተል፣ ሁሉም ቢያንስ አንድ ቀን ቆይተዋል፣ አንዳንዶቹ ከ90 ቀን በላይ። የሰኞው ጋውንህ ሐሙስ ላይ ምን እንደተሸከመ አንተው አስበው።

ስለዚህ በየቀኑ ነው የሚታጠበው። ደም ወይም ሌላ ፈሳሽ ከነካው እዚያው ቀይር። ደም ያለበትን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው፣ ሙቅ ውሃ ደሙን ያጣብቀዋል። ከዚያ ከቤት ልብስ ለይተህ በሳሙና፣ ማሽን ካለህ በ60 ዲግሪ ቢያንስ 10 ደቂቃ። ማሽን ከሌለህ እጅህ በሚችለው ሙቅ ውሃ በደንብ እሸው፣ ፀሐይ ላይ አስጣው፣ በጋለ ካውያ ተኩሰው። በረኪና ውስጥ አሳድራለሁ የምትሉ ካላችሁ ተዉት፤ ክሎሪን ደም ሲያገኝ ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል፣ የተረፈው ጥጡን ይበላዋል። ላውንደሪ ባለበት ሆስፒታል ደግሞ መጀመሪያውኑ ቤት የሚሄድ ጋውን መኖር አልነበረበትም። የአሜሪካኖቹ መመሪያ ለሙቅ ውሃ እጥበት ቢያንስ 71 ዲግሪ ለ25 ደቂቃ ይላል። ይህን በሳፋ የሚያደርስ ሰው አላውቅም።

ፋርማሲስቷ፦ በየቀኑ ከታጠበ ስንት ጋውን ሊኖረኝ ነው? ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ነው የምኖረው እኮ።

ሲስተር ኦአር፦ ሦስት። አንድ የሚያምር ከምታሰፊ ሦስት ተራ አሰፊ፣ እጅጌው አጭር ይሁን። አንቺ ከመስኮት ጀርባ ስለሆንሽ ኢንተርኑን ያህል አያስፈራኝም።

አዲስ ገቢ፦ ሲስተር ሆስፒታል ውስጥ ምን ልልበስ?

ሲስተር ኦአር፦ የት? ምን ልትሠራ? ላብራቶሪ ነህ፣ ማዋለጃ ነህ፣ ካርድ ክፍል ነህ? እንዲህ ያለ ጥያቄ አይመለስም።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ ማዋለጃ ነኝ።

ሲስተር ኦአር፦ እንዲህ በለኛ! ስክራብ (ሸሚዝና ሱሪ የሆነው የሥራ ልብስ)፣ በላዩ የፕላስቲክ ሽርጥ፣ ማስክ፣ የዓይን መከላከያ፣ ጓንት፣ ቦቲ። የእንሽርት ውሃ ሲፈስ የጥጥ ጋውን ይመጠዋል እንጂ አይከለክልህም። ሁሉም ሰው የሚረሳው ዓይኑን ነው፤ ደም ፊት ላይ ከተረጨ በኋላ መነጽር ቢፈለግ ዋጋ የለውም።

የልደታው፦ የኦፕራሲዮን ልብስ ለምን አረንጓዴ ሆነ?

ሲስተር ኦአር፦ ቀይ ደም ሲያይ የቆየ ዓይን ነጭ ጨርቅ ላይ አረንጓዴ ጥላ ያያል፣ ነጩ ደግሞ መብራቱን መልሶ ይወጋዋል። አረንጓዴና ሰማያዊ ሁለቱንም ያረግባሉ። ቀጥሉ።

ታሪክ ወዳጁ፦ እኔ ልጨምርበት። እ.ኤ.አ. በ1914 ሳንፍራንሲስኮ ላይ ሃሪ ሸርማን የሚባል ቀዶ ሐኪም የነጩ ነጸብራቅ አስመርሮት ኦአሩን በቆስጣ አረንጓዴ አስለወጠው። ጓንትም ታሪክ አለው። ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ውስጥ ዊልያም ሃልስቴድን የምታግዘው ነርስ ካሮላይን ሃምፕተን እጇ በሜርኩሪ ክሎራይድ ሲቆስልባት፣ ሐኪሙ ለጉድይር ጎማ ኩባንያ ጽፎ ስስ የላስቲክ ጓንት አሠራላት። እ.ኤ.አ. በ1890 ተጋቡ።

ሲስተር ኦአር፦ ይሄን ወደድኩት። ልብ በሉ፣ ጓንቱ መጀመሪያ የተሠራው ለነርሷ እጅ ነው እንጂ ለታካሚው አይደለም። ዛሬም ብዙዎቻችን እንደዚያው ነው የምናስበው። ራሴን ሸፈንኩ ብሎ በዚያው ጓንት በር የሚከፍት፣ ስልክ የሚያነሳ፣ ሦስት ታካሚ የሚያዳርስ ሞልቷል። ጓንት ሳይታይ ይበሳል፣ ስታወልቁትም ውጪው እጃችሁን ይነካል። ጓንት እጅ መታጠብን አይተካም። ከማጥለቃችሁ በፊትም፣ ካወለቃችሁ በኋላም።

ኢንተርኑ፦ ሲስተር፣ ጓንት ካደረግኩ ግን በየታካሚው እጄን ማሸት አለብኝ?

ሲስተር ኦአር፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

ነርስ ከደሴ፦ ቲቢ ክፍል ነኝ። ኤን95 ሲያልቅብን ሁለት ሰርጂካል ማስክ ብደርብስ?

ሲስተር ኦአር፦ አይሆንም። ሰርጂካል ማስክ ከአፍሽ የሚወጣውን ይይዛል፣ በጎኑ ግን አየሩ ይገባል፤ አሥር ብትደርቢም ጎኑ ክፍት ነው። ኤን95 ደቃቁን ብናኝ ቢያንስ 95 ከመቶ የሚያስቀረው ፊት ላይ ሲገጥም ብቻ ነው። ሰርጂካሉን ለታካሚው አድርጊለት፣ መስኮቱን ክፈቺ፣ ኤን95 አንቺ አድርጊ፣ ሲያልቅም በጽሑፍ ጠይቂ። ባልደረባሽ ጢም ካለውና ጢሙ የማስኩ ጠርዝ ሥር ከገባ፣ ያደረገው ኤን95 ለጌጥ ነው።

ጤና መኮንኑ፦ ከሁሉ የሚብሰው እኮ ሁሉም ነጭ መልበሱ ነው። ተማሪው ነጭ፣ ነርሱ ነጭ፣ የላብራቶሪው ሰው ነጭ። ታካሚው ያየውን ሁሉ «ዶክተር» ይላል።

ኢንተርኑ፦ ሲሉህ ታርማቸዋለህ?

ጤና መኮንኑ፦ ባጄ ላይ ተጽፏል።

ኢንተርኑ፦ የሁሉም ሰው ባጅ ተገልብጦ አይደል የሚንጠለጠለው?

የልደታው፦ ነጩ ለሐኪም ብቻ ይሁን፣ ለሌላው ሌላ ቀለም ይሰጠው።

ነርስ ከደሴ፦ ነጭን ለሐኪም ማን አወረሰው? ደግሞ ጀመራችሁ!

ሲስተር ኦአር፦ የቀለም ጠባችሁን ሌላ ቦታ። ስምና ሙያ በትልቁ ፊደል ደረት ላይ ይሰፋ፣ አለቀ። አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባጅ ስታጎነብሱ ቁስል ላይ ነው የሚያርፈው።

ሚድዋይፏ፦ ሲስተር፣ በሂጃብ ኦአር አትገቢም ተባልኩ። ማተብ ያሰረ ግን ይገባል። ይሄ ፍትሕ ነው?

ኢንተርኑ፦ ማተብ ክር ነው፣ እንዴት ይወዳደራል?

ፋርማሲስቷ፦ ክሩ ከክርስትና ጀምሮ መቼ ታጠበና ነው?

ሲስተር ኦአር፦ ሁለታችሁም ዝም በሉ፣ ጥያቄው የእሷ ነው። እኅቴ፣ ኦአር የሚፈልገው ፀጉር በሙሉ እንዲሸፈን፣ ከውጭ የመጣ ጨርቅ እንዳይገባና የሚንጠለጠል ነገር እንዳይኖር ነው። የመጣሽበትን አውልቂና እዚያው የታጠበ ሂጃብ ወይም እስከ አንገት የሚወርድ ኮፍያ አድርጊ፣ ጫፉን ስክራብሽ ውስጥ ክተቺ። ይህን አድርገሽ ማንም የሚከለክልሽ ምክንያት የለውም። ኃላፊዋን በዚህ መልክ አነጋግሪያት። ማተብም ስክራብ ውስጥ ይገባል፤ እጅ ላይ የታሰረ ከሆነ ግን ለቀዶ ሕክምና እጅ ሲታጠብ ይፈታል።

ነጋዴው፦ ስክራብ በጅምላ የት ይገኛል?

ሲስተር ኦአር፦ ሻጭ አይደለሁም።

የልደታው፦ ክሮክስስ?

ሲስተር ኦአር፦ ቀዳዳ የሌለው፣ የማያንሸራትት፣ የሚታጠብ ከሆነ ይሁን። ላዩ ቀዳዳ ያለውን ሳይ ግን የወደቀ መርፌ ነው የሚታየኝ። ነጠላ ጫማም ያው ነው፤ ብሌድ ሲወድቅ ጣት አይመርጥም።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦ አሜሪካ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ነኝ። ስክራቤን ከልጆቼ ልብስ ጋር ነው የማጥበው። ማጠብ የነበረባቸው እነሱ አይደሉም እንዴ?

ሲስተር ኦአር፦ ሁለቱን ለዪ። ራስሽ የገዛሽው ተራ ስክራብ የሥራ ልብስ ነው፣ ቤት ይታጠባል፣ ግን ለብቻው እጠቢው። ከደም መከላከያ ተብሎ የሚሰጥሽን ጋውን ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው የኦሻ (የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ደንብ መሠረት፣ ቀጣሪው በነፃ ያቀርባል፣ ያጥባል ወይም ያስወግዳል። ቤት ይዘሽ አትሄጂም። ደም አልፎ ስክራብሽን ከነካውም እዚያው ቀይሪና ለእነሱ ስጫቸው። ደግሞ ከሥራ ወጥተሽ በስክራብ ግሮሰሪ አትዙሪ፤ ታክሲ ስል አውቶቡሱም፣ ገበያውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም እንደሚያካትት የሚገባው ሰው ጠፋ መሰለኝ።

አስታማሚው፦ እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም። እናቴ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ተኝታለች። ስገባ በር ላይ የተሰቀለ ጋውን ያለብሱኛል፣ ጠያቂ ሁሉ የሚለብሰው ያንኑ ነው። ጥቅም አለው?

ሲስተር ኦአር፦ እግዜር ይማርልህ። አንድ ጋውን ለሁሉም ጠያቂ ከሆነ የሌላውን ጀርም ነው የምትለብሰው። በትሕትና ነርሷን ንጹሕ ጠይቃት፣ ከሌለ ምን እንደሚሻል እሷው ትንገርህ። እጅጌህን ከክርን በላይ ሰብስብ፣ እናትህን ከመንካትህ በፊትና ስትወጣ እጅህን በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እሽ። ጋቢ ይዘህ ከሆነ ውጭ ተወው።

አስታማሚው፦ ጋቢው የእሷ ነው፣ በረደኝ ስትለኝ ነው ያመጣሁት።

ሲስተር ኦአር፦ የታጠበ ከሆነ ነርሷን አስፈቅደህ አልብሳት። ጫፉ ብቻ መሬት አይንካ፣ ቱቦዎቹንም አትሸፍንባቸው።