ባትሪውን የሚገድለው ሲሚንቶው አይደለም

ወንድሜ፣ ለአምስት ወር ውጭ ስለምትሄድ የቪትስህን ባትሪ ፈትተህ ቤት ልታስቀምጥ እንደሆነና «ሲሚንቶ ላይ ካስቀመጥከው ይወርዳል» እንደተባልክ ጽፈሃል። እኔ ያንን ወሬ አምኜ ባትሪ ከስሬያለሁ።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮናው ጊዜ መኪናዬ ስለቆመች ባትሪዋን ፈታሁና ጣውላ ላይ ካርቶን አንጥፌ በክብር አስቀመጥኩት። ስፈታው ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን) በጭንቅ ነበር የሚያዞረው፤ ቻርጅ ላስደርገው ግን ትዝም አላለኝ። ከአምስት ወር በኋላ በቴስተር ስለካው 10.8 ቮልት። የወሰድኩለት ኤሌክትሪሺያን ክዳኖቹን ከፍቶ በስልኩ መብራት አሳየኝ፤ ፕሌቶቹ፣ ማለት ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች፣ አመድ የተነሰነሰባቸው ይመስል ነጥተዋል። ሰልፌት ነው አለኝ፤ ባትሪ ወርዶ ሲቆይ ፕሌቱ ላይ የሚጋገር ነጭ ነገር ማለት ነው። ሌሊቱን ቻርጅ ሲደረግ አድሮ ጠዋት አስነሳ፣ ከሰዓት በኋላ ጭጭ።

የሲሚንቶው ነገር የባትሪ ሳጥን ከእንጨትና ከጎማ በሚሠራበት ዘመን እውነትነት ነበረው፤ እርጥበት እየገባ ኃይል ያፈስ ነበር። የዛሬው ፕላስቲክ ነው፣ ወለል ላይ ብታስቀምጠው ምንም አይሆንም። እንዲያውም አሲድ ከተንጠባጠበ የሚጎዳው ሲሚንቶው ነውና ሳፋ ውስጥ አድርገው።

ዋናው ነገር ሞልተህ አስቀምጠው። የሞላ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ይላል። ወደ 12.4 ሲወርድ ቻርጅ ያስፈልገዋል፤ 12 እስኪሆን አትጠብቅ። ፕሌቱ የሚነጣው ወርዶ በቆየ ቁጥር ነው። ሙቀትም ቶሎ ያወርደዋል፤ ፀሐይ የሚያቃጥለው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ እንዳታስቀምጠው። ቤት ለሚቀር ሰው ትንሽ ቻርጀር ስጥና በየሁለት ወሩ ይሙላልህ። የ40 አምፒር-ሰዓት (Ah) ባትሪ በ4 አምፒር ቀስ ብሎ ቢሞላ ይሻለዋል፤ «በአንድ ሰዓት እንሞላዋለን» የሚሉህን እለፋቸው። ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚወጣው መስኮት ይከፈት፣ ከሰልና ሻማ አጠገቡ አይድረስ። ክዳን ያለው ከሆነና ውሃው ከጎደለ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ጨምር፤ አሲድ አይጨመርም።

ስትፈታ ነጌቲቩን አስቀድም፣ ስትመልስ መጨረሻ አድርገው። በፖዘቲቩ ከጀመርክ ቁልፉ ቦዲውን ሲነካ የሚወጣውን ብልጭታ አይቼዋለሁ፤ የ10 ቁልፌ ላይ አሁንም ጠባሳው አለ። ደግሞ ቴፑ ኃይል ከተቋረጠበት በኋላ ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ከመፍታትህ በፊት ኮዱን ፈልግ፤ እኔ ሁለት ወር ያለ ሬዲዮ ነድቻለሁ።