በብስክሌትና በባቡር ለሚደረግ የብዙ ቀን ጉዞ አስቀድሞ የሚያዘው ምንድን ነው?

አንዲት የቡድናችን አባል ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር አምስት ቀን ገጠር ለገጠር በብስክሌት ለመጓዝ ማሰባቸውን፣ ወደ መነሻው የሚሄዱትም ከመድረሻው የሚመለሱትም በባቡር መሆኑን ገልጸው፣ ከማደሪያና ከባቡር ትኬት የቱን ማስቀደም እንዳለባቸውና በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚበቃ ጠይቀዋል። እንዲህ ያለውን ጉዞ ለራሴም ለወዳጆቼም ለዓመታት ሳቅድ ስለቆየሁ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ።

ከሁሉ በፊት መያዝ ያለበት በባቡሩ ላይ ያለው የብስክሌት ቦታ ነው። ማደሪያ ቢታጣ ቀጣዩ መንደር ላይ ይፈለጋል፤ ለሰው የሚሆን ወንበርም በአብዛኛው አይጠፋም፤ የብስክሌት ቦታ ግን በአንድ ባቡር ላይ በጣት የሚቆጠር ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የባቡር መንገደኞች መብት ደንብ ለአዳዲስ ባቡሮች ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን እንኳ አራት ቦታ ነው፤ ይህ ማለት የእርስዎ ቡድን ብቻውን ይሞላዋል፣ ከእናንተ ቀድሞ አንድ ሰው ከያዘ ደግሞ አንዳችሁ ትቀራላችሁ። ስለዚህ የጉዞውን ቀን በመጀመሪያ ቆርጦ ከዚያ ቦታ ከመፈለግ ይልቅ፣ ለአራት ብስክሌት ቦታ ያለው ባቡር በየትኞቹ ቀናት እንደሚገኝ አይቶ ቀኑን በዚያ መወሰን ይሻላል። ከሳምንቱ መጨረሻ ይልቅ በማክሰኞ ወይም በረቡዕ መነሳት ብዙ ጣጣ ያቀላል።

የባቡሩ ዓይነትም ለየብቻ መታየት አለበት። በጀርመን፣ ለምሳሌ፣ አይሲኢ በሚባሉት ፈጣን ባቡሮች ብስክሌት የሚጫነው ቦታ አስቀድሞ ከተያዘ ብቻ ነው፤ በአጭር ርቀት በሚመላለሱት የክልል ባቡሮች ግን በአብዛኛው የብስክሌት ትኬት መቁረጥ ይበቃል፤ ሆኖም ቀድሞ የደረሰ ይጭናል እንጂ ለማንም ዋስትና የለም። በጃፓን ብስክሌቱ ተፈታትቶ በልዩ ከረጢት ውስጥ ካልገባ በአብዛኛው አይሳፈርም። የሚታጠፍ ብስክሌት በብዙ አገር ከታጠፈ እንደ ሻንጣ ስለሚቆጠር የብስክሌት ቦታ መያዝ አያስፈልገውም። የኤሌክትሪክ ብስክሌት የያዘ ሰው በመካከላችሁ ካለ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ አንደኛ፣ አንዳንድ ባቡር ብስክሌቱን ከፍ ባለ መንጠቆ ላይ ስለሚያሰቅል 25 ኪሎ የሚመዝነውን ማን ያነሳዋል? ሁለተኛ፣ ሰፊ ጎማ በመንጠቆው ውስጥ ይገባል ወይ?

ባቡር የሚቀየርበት ጊዜ ላይ እኔ ቆጣቢ አይደለሁም፤ የጉዞ መፈለጊያው ስምንት ደቂቃ ይበቃል ብሎ ቢያሳየኝም ከግማሽ ሰዓት ያነሰ አልቀበልም። መተግበሪያው የሚያሰላው ባዶ እጁን ለሚራመድ ሰው ነው፤ አሳንሰሩ በተበላሸበት ጣቢያ ብስክሌትና ቦርሳ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ሌላ ስሌት ይፈልጋል። ባቡሩ ከመድረሱ በፊት የጎን ቦርሳዎችን ከብስክሌቱ ላይ አውልቃችሁ ያዙ፣ የብስክሌት ምልክት ያለበት ፉርጎ በመድረኩ የትኛው ጫፍ እንደሚቆምም አስቀድማችሁ እወቁ፤ አነስተኛ ጣቢያ ላይ ባቡር የሚቆመው ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ ብቻ ነው።

ወደ መንገዱ ልምጣ። ሻንጣ ለጫነና ብዙ ልምድ ለሌለው ቡድን በሜዳ ላይ በቀን ከ50 እስከ 60 ኪሎ ሜትር እመክራለሁ። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢኬድ ይህ አራት ሰዓት ፔዳል መምታት ነው፤ ምሳ፣ ዕረፍትና መንገድ መሳት ሲጨመርበት ቀኑ ይሞላል። የመጀመሪያውን ቀን በባቡር ስለምትደርሱ ከ30 ኪሎ ሜትር አታሳልፉት። የቡድኑ ፍጥነት የደካማው አባል ፍጥነት መሆኑም ከመነሳታችሁ በፊት በግልጽ ይነገር፤ ይህን በመንገድ ላይ መነጋገር ቅሬታ ያመጣል።

መስመር ስትመርጡ የባቡር ሐዲዱ ከመንገዱ ምን ያህል እንደሚርቅ በየቀኑ ካርታው ላይ ተመልከቱ፤ ለታመመ፣ ለደከመ ወይም ብስክሌቱ ለተሰበረ ሰው መውጫው ጣቢያው ነውና። የወንዝ ዳር መንገድ ሁሉ ባቡር አለው ብሎ ማሰብ አይገባም። ከጀርመኗ ከተማ ፓሳው እስከ ኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀው የዳኑብ ወንዝ ዳር የብስክሌት መንገድ ለጀማሪ እጅግ ተስማሚ ቢሆንም፣ ወንዙ ሽሎገን በሚባለው ቦታ ላይ በተራሮች መካከል ሲጠማዘዝ ዋናው ሐዲድ ከሸለቆው ወጥቶ በሌላ በኩል ያልፋል፤ ከሊንዝ ከተማ በታች ግን እንደ ሜልክና ክሬምስ ያሉ ጣቢያዎች ይገኛሉ። በዚሁ መንገድ ሰዎች ወንዙን ተከትለን ስለምንወርድ ይቀለናል ይላሉ። ቁልቁለቱ በአማካይ በአንድ ኪሎ ሜትር ግማሽ ሜትር ገደማ ስለሆነ እግር አይሰማውም፤ ይልቅ የሚረዳው በዚያ አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ነው።

ማደሪያ የሚያዘው ባቡሩና የየቀኑ ርቀት ከታወቁ በኋላ ነው፤ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ቢሆን፣ ለብስክሌት የሚቆለፍ ክፍል ቢኖረውም መልካም ነው። ከዕቃ በኩል መለዋወጫ ካላማዳሪያ፣ ፖምፓና የካቴና መፍቻ ለቡድኑ አንድ አንድ ይበቃል፤ ካላማዳሪያው ግን ከየብስክሌቱ የጎማ መጠን ጋር ይመሳከር።

የመመለሻው ባቡር የብስክሌት ቦታ ከሞላ ጉዞውን አትሰርዙ። አቅጣጫውን ገልብጣችሁ በሌላኛው ጫፍ መጀመር፣ ወይም በክልል ባቡሮች እየቀያየሩ ቀኑን ሙሉ መመለስ ይቻላል። እኔ የምመርጠው ሦስተኛውን ነው፤ በታወቁ መስመሮች ላይ ብስክሌት መነሻው ላይ አከራይተው መድረሻው ላይ የሚረከቡ ድርጅቶች ስላሉ፣ ኪራዩ ለአራት ብስክሌት ከሚከፈለው የባቡር ዋጋና ከልፋቱ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ አያስቆጭም።